ሙሉ ወጪው የተሸፈነ የዶክትሬት ትምህርት፦ ከማርክ ይልቅ ጥያቄ የሚመዘንበት በር

በመካከለኛው ምሥራቅ አገሮች ከሚኖሩ ኢትዮጵያውያን መካከል የመጀመሪያ ወይም የሁለተኛ ዲግሪያቸውን በአገር ቤት ይዘው፣ ዛሬ ግን ከተማሩት ጋር በማይገናኝ ሥራ የሚተዳደሩ ጥቂት አይደሉም። ከእነዚህም ውስጥ ሶሲዮሎጂ፣ የፖለቲካ ሳይንስ፣ ኢኮኖሚክስ፣ ታሪክ ወይም ጂኦግራፊ ያጠኑት ወደ ትምህርት ገበታ ለመመለስ ሲያስቡ ሁለት እምነቶች ከወዲሁ ያዳክሟቸዋል። አንደኛው፣ ለዶክትሬት የሚሰጠው የገንዘብ ድጋፍ የሕክምናና የምህንድስና ተማሪዎች ድርሻ ብቻ ነው የሚለው ነው። ሁለተኛው ደግሞ ድጋፉ ከፍተኛ ማርክ ላመጣ ሰው የሚሰጥ ሽልማት በመሆኑ፣ ከትምህርት ለዓመታት የራቀ ሰው ደጁን ባያንኳኳ ይሻላል የሚለው ነው።

ሁለቱም ትክክል አይደሉም። በርካታ ዩኒቨርሲቲዎችና መንግሥታት የማኅበራዊ ሳይንስ ዶክትሬትን ሙሉ ወጪ ይሸፍናሉ። ዝቅተኛው የውጤት መስፈርት በየቦታው ቢኖርም፣ መስፈርቱን ካሟሉት ብዙ አመልካቾች መካከል ጥቂቶቹን የሚለየው ማርክ አይደለም። ዶክትሬት የምርምር ሥልጠና ስለሆነ መራጮቹ የሚፈልጉት ሊመረመር የሚገባው ጥያቄ ያለውንና ጥያቄውን ከዳር ለማድረስ የሚችለውን ሰው ነው። ይህንን ሳይረዱ ማመልከቻ መላክ ብዙዎችን ዓመታት ያባክናል፤ አንዳንዶችንም በደላላ እጅ ይጥላል።

አንድ ስም፣ የተለያዩ መንገዶች

ዶክትሬት በየአገሩ በአንድ ስም ቢጠራም አሠራሩና የገንዘቡ ምንጭ ይለያያሉ። ለአንዱ አገር የተዘጋጀን ማመልከቻ ስሙን ብቻ ቀይሮ ለሌላው መላክ የማይሠራውም በዚህ ምክንያት ነው።

በዩናይትድ ስቴትስ የምርምር ዩኒቨርሲቲዎች የማኅበራዊ ሳይንስ ዶክትሬት አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ የሚወስድ ሲሆን፣ በብዙዎቹ ዘንድ የሁለተኛ ዲግሪ የግድ አይጠየቅም። ዩኒቨርሲቲው የትምህርት ክፍያውን ይተዋል፤ የኑሮ አበልና የጤና መድንም ይሰጣል። ተማሪው በአንጻሩ በረዳት መምህርነት ወይም በረዳት ተመራማሪነት ያገለግላል። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት በክፍል ትምህርት የሚያልፉ በመሆናቸው የመግቢያ ኮሚቴው ያለቀለት የምርምር ንድፍ አይጠብቅም። ማመልከቻዎቹ በአብዛኛው ከዲሴምበር መጀመሪያ እስከ ጃንዋሪ አጋማሽ ይዘጋሉ፤ ድጋፍ የተሰጣቸው ተማሪዎችም እስከ ኤፕሪል 15 ድረስ አስበው እንዲወስኑ ጊዜ መስጠት የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2025 ከበጀት ችግር ጋር በተያያዘ በርካታ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች አዲስ የሚቀበሏቸውን የዶክትሬት ተማሪዎች ቁጥር ቀንሰዋል። ተስፋን ሁሉ በአንድ አገር ላይ መጣል ዛሬ ከቀድሞው የበለጠ አደጋ አለው።

በኖርዌይ፣ በስዊድንና በዴንማርክ የዶክትሬት ተማሪ በአብዛኛው ደመወዝተኛ ነው። ቦታው እንደ ማንኛውም ክፍት የሥራ ቦታ በማስታወቂያ ይወጣል፤ የትምህርት ክፍያ የለም፤ የሥራ ውልም ይፈረማል። ጊዜው በኖርዌይ ሦስት ዓመት፣ የማስተማር ግዴታ ሲጨመርበት ደግሞ አራት ዓመት ነው። ማስታወቂያዎቹ ዓመቱን ሙሉ በተለያየ ጊዜ ስለሚወጡ በየሳምንቱ መከታተል ያስፈልጋል። ብዙዎቹ ቦታዎች አስቀድሞ ከተወሰነ የምርምር ፕሮጀክት ጋር የተያያዙ ስለሆኑ፣ አመልካቹ የራሱን ፍላጎት ከፕሮጀክቱ ጋር ማስማማት ይኖርበታል።

በጀርመን መንግሥታዊ ዩኒቨርሲቲዎች ለዶክትሬት የሚጠየቀው የትምህርት ክፍያ እምብዛም ነው፤ የኑሮው ወጪ ግን በሥራ ውል ወይም በስኮላርሺፕ መሸፈን አለበት። በዚህ አገር ከማመልከቻው በፊት አማካሪ ሊሆን የሚፈቅድ ፕሮፌሰር ማግኘት ቁልፍ እርምጃ ነው። የጀርመን የአካዳሚ ልውውጥ አገልግሎት፣ በአጭር ስሙ ዳድ፣ ለውጭ ተማሪዎች ስኮላርሺፕ ይሰጣል። በብዙዎቹ መርሐ ግብሮቹ አመልካቹ የመጨረሻ ዲግሪውን ካገኘ ከስድስት ዓመት ያልበለጠው እንዲሆን ይጠየቃል።

በብሪታንያ ደግሞ የትምህርት ክፍሉ መቀበሉና ገንዘብ መገኘቱ ሁለት የተለያዩ ውሳኔዎች ናቸው። በኦክስፎርድ የክላረንደን፣ በካምብሪጅ ደግሞ የጌትስ ስኮላርሺፕ ለኢትዮጵያውያንም ክፍት ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ የብሪታንያ የምርምር ምክር ቤቶች ከድጋፋቸው የተወሰነውን ድርሻ ለውጭ አገር ተማሪዎች ፈቅደዋል። የኮመንዌልዝ ስኮላርሺፕ ግን ኢትዮጵያ የኮመንዌልዝ አባል ስላልሆነች ኢትዮጵያውያንን አይመለከትም፤ ስሙን ሰምቶ ወራት ከማጥፋት ይህን ማወቅ ይበጃል።

በቅርብ ያሉ ዕድሎች

የምዕራቡን ዓለም ብቻ የሚያይ አመልካች በአጠገቡ ያለውን ሊስት ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2012 የተጀመረው የቱርክ መንግሥት ስኮላርሺፕ ማመልከቻ በየዓመቱ ዘወትር ከጃንዋሪ 10 እስከ ፌብሯሪ 20 በኢንተርኔት ይቀርባል፤ ምንም ዓይነት ክፍያም አይጠየቅበትም። የትምህርት ክፍያን፣ ወርሃዊ አበልን፣ ማደሪያን፣ የጤና መድንን፣ የመምጫና የመመለሻ የአውሮፕላን ቲኬትን እንዲሁም የአንድ ዓመት የቱርክኛ ቋንቋ ትምህርትን ያካትታል። ለዶክትሬት የሚያመለክት ሰው ዕድሜው ከ35 ዓመት በታች መሆን ይኖርበታል። በዶክትሬት ደረጃ የሚጠየቀው ዝቅተኛ ውጤት በመቶኛ ሲሰላ 75 ነው።

ዓረብኛን በመድረሳ ወይም በሥራ ላይ አጥብቆ የተማረ ሰው ሌላ በር አለው። እ.ኤ.አ. በ2015 ማስተማር የጀመረው በኳታር የሚገኘው የዶሃ የድኅረ ምረቃ ጥናት ተቋም በማኅበራዊ ሳይንስና በሥነ ሰብእ ዘርፎች የሚያስተምረው በዋናነት በዓረብኛ ሲሆን፣ ስኮላርሺፕም ይሰጣል። ከንግግር ዓረብኛ አልፎ የምርምር ጽሑፍ ማንበብና መጻፍ የሚችል ኢትዮጵያዊ በዚህ ሜዳ ላይ ብዙ ተፎካካሪዎቹ የሌላቸውን አቅም ይዞ ይቀርባል።

ርዕስና ጥያቄ አንድ አይደሉም

አብዛኛው ማመልከቻ የሚሰናከለው በዚህ ነጥብ ላይ ነው። «የኢትዮጵያውያን ፍልሰት ወደ ዓረብ አገሮች» የሚለው ሐረግ ርዕስ ነው፤ ጥያቄ ግን አይደለም። ሊመለስ የሚችል ነገር አልጠየቀም፤ መልሱ ምን ዓይነት ማስረጃ እንደሚሻም አያመለክትም። ብዙ አመልካቾች ይህን ርዕስ በስፋት አትተው፣ ችግሩ አሳሳቢ መሆኑን ገልጸው፣ መንግሥታት እርምጃ እንዲወስዱ መክረው ይጨርሳሉ። ጽሑፉ ለጋዜጣ አስተያየት ሊበቃ ይችላል፤ የምርምር ንድፍ ለመሆን ግን ገና ነው።

ልዩነቱን በዕለት ተዕለት ኑሮ በሚታወቅ ነገር ማየት ይቻላል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን ሴቶች እቁብ ይጥላሉ። በአገር ቤት እቁብ ዳኛና ጸሐፊ አለው፤ ዕጣው ቀድሞ የደረሰው ሰው ገንዘቡን ይዞ እንዳይጠፋ ዋስ ያቀርባል። ዋሱ ቤቱ፣ ሱቁና ዘመዱ የሚታወቅ ሰው ነው። በስደት ላይ ግን የአንዷ አባል መኖሪያ የአሠሪዋ ቤት ነው፤ ነገ ወደ ሌላ ከተማ ልትዛወር፣ ፈቃዷ ተቋርጦ በድንገት ወደ አገሯ ልትመለስ ትችላለች። ታዲያ ዋሷ ማን ነው? እምነቱ በምን ላይ ይቆማል? እቁቡ ሲፈርስስ ማን ይዳኛል?

ይህ ጥያቄ ነው። ጥያቄው የምርምር ጥያቄ የሚሆነው ደግሞ ቀደም ሲል ከተጻፈው ጋር ሲነጋገር ነው። አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት ክሊፎርድ ጊርትዝ እ.ኤ.አ. በ1962 ባወጣው ጽሑፍ፣ በጃቫ ያየውንና ከእቁብ ጋር የሚመሳሰለውን ማኅበር ከገበሬ ኑሮ ወደ ንግድ ኢኮኖሚ የሚያሸጋግር መካከለኛ ደረጃ አድርጎ ተመልክቶታል። ባንኮችና ሌሎች ዘመናዊ ተቋማት ሲስፋፉ ማኅበሩ ቦታውን እየለቀቀ እንደሚሄድም ገምቶ ነበር። ሸርሊ አርደነር በ1964 ዓ.ል. ባሳተመችው ንጽጽራዊ ጥናት የብዙ አገሮችን ተመሳሳይ ማኅበራት አሰባስባ አሳይታለች። ዛሬ በእጇ ባለው ስልክ ገንዘብ ወደ አገር ቤት የምትልክ ሴት አሁንም እቁብ የምትጥል ከሆነ፣ የጊርትዝ ግምት አንድ ነገር ጎድሎታል ማለት ነው። የጎደለው ምንድን ነው የሚለውን የሚመረምር ሰው ስለ ኢትዮጵያውያን ብቻ አይጽፍም፤ ስለ እምነት፣ ስለ ገንዘብና ስለ ሕግ የሚካሄደውን ዓለም አቀፍ ውይይት ይቀላቀላል። ጃካርታን እንጂ ደሴን የማያውቅ ፕሮፌሰርም ማንበቡን ይቀጥላል።

ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ዘዴው ነው። አመልካቹ ማንን ከማን ጋር ያነጻጽራል? መኖሪያ ፈቃድ ያላቸውን ከሌላቸው ጋር ነው ወይስ የአዲስ አበባን እቁብ ከአንድ የባሕረ ሰላጤ ከተማ እቁብ ጋር? ስንት ሰዎችን በምን ቋንቋ ያነጋግራል? የወንድ ተመራማሪ ከሆነ ወደ ሴቶች ስብስብ እንዴት ይደርሳል? ከሁሉ በላይ ደግሞ የተጠያቂዎቹ ደኅንነት እንዴት ይጠበቃል? ፈቃዷ ያለፈባት ሴት ስሟና የምትሠራበት ቤት በተመራማሪ ማስታወሻ ላይ ቢገኝ ጉዳቱ በእርሷ ላይ ይወድቃል። ይህንን አስቀድሞ ያሰበና መፍትሔውን በሁለት አንቀጽ ያስቀመጠ አመልካች ሥራውን የሚያውቅ ሰው መሆኑን ያሳያል።

ቅርበት ሀብት ነው፤ ማስረጃ ግን አይደለም

አመልካቾች አንዳንድ ጊዜ የራሳቸውን ዕውቀት ይንቃሉ። አማርኛ፣ ዓረብኛ፣ ኦሮምኛ ወይም አፋርኛ መቻል፣ በአንድ ማኅበረሰብ ውስጥ መታመን፣ የአንድን አካባቢ መጻሕፍትና ሽማግሌዎች ማወቅ ለምርምር ትልቅ ሀብት ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ መምህር የነበሩት ፕሮፌሰር ሁሴን አሕመድ በብሪታንያ በበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬት ያቀረቡት ጥናት በወሎ የእስልምና ታሪክ ላይ ያተኮረ ነበር። የኢትዮጵያ ታሪክ በአብዛኛው ከቤተ መንግሥት ዜና መዋዕሎች በሚጻፍበት ዘመን እርሳቸው የዓረብኛ ጽሑፎችንና የአካባቢውን የቃል ትውፊት በምንጭነት ተጠቀሙ። በዚሁ ዘርፍ የደከሙበት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2001 በብሪል አሳታሚ በመጽሐፍ መልክ ታትሞ እስከ ዛሬ የኢትዮጵያን እስልምና የሚያጠና ሁሉ የሚያነበው ሥራ ሆኗል። ለዚህ ያበቃቸው ለአካባቢው ያላቸው ቅርበት ብቻ አልነበረም፤ ሌሎች ያላዩትን ምንጭ ማንበብ መቻላቸውና ምንጩን በታሪክ ተመራማሪ ሚዛን መመዘናቸው ጭምር ነው።

የራስን የስደት ሕይወት የሚተርክ ማመልከቻ በተቃራኒው አቅጣጫ ይስታል። የደረሰበትን መከራ በዝርዝር የሚያስነብብ ሰው የአንባቢውን ሐዘኔታ ሊያገኝ ይችላል፤ ኮሚቴው የሚጠይቀው ግን ይህ ሰው አምስት ዓመት በምርምር ላይ ጸንቶ መቆየት ይችላል ወይ ነው። የሕይወት ልምዱ ጥያቄው ከየት እንደ መጣ ለማሳየት በሁለት ወይም በሦስት ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል። ከትምህርት ርቆ የቆየባቸው ዓመታትም እንደዚሁ ናቸው፤ ሳያፍሩ፣ ሳያበዙ፣ የት ምን ይሠራ እንደ ነበር በግልጽ ማስቀመጥ ይበቃል።

ደብዳቤዎቹና የጽሑፍ ናሙናው

አብዛኞቹ ዩኒቨርሲቲዎች ሁለት ወይም ሦስት የድጋፍ ደብዳቤ ይጠይቃሉ። የአሠሪ ደብዳቤ ትጋትንና ታማኝነትን ይመሰክራል፤ የምርምር ችሎታን ግን ሊመሰክር የሚችለው መምህር ነው። ስለዚህ የመመረቂያ ጽሑፍ አማካሪ የነበረውን መምህር ከወራት በፊት ፈልጎ ማግኘት ያስፈልጋል። መምህሩ ከዓመታት በፊት ያስተማረውን ተማሪ ላያስታውስ ስለሚችል የውጤት ማስረጃውን፣ የመመረቂያ ጽሑፉንና አዲሱን የምርምር ሐሳብ አብሮ መላክ ተገቢ ነው። «ጎበዝና ጨዋ ተማሪ ነበር» የሚል አጭር ደብዳቤ አይጠቅምም፤ ተማሪው በየትኛው ሥራ ላይ ምን እንዳሳየ የሚናገር ደብዳቤ ግን ክብደት አለው።

ለአማካሪ የሚጻፈው ኢሜይልም አጭር መሆን አለበት። ፕሮፌሰሩ የጻፈውን አንድ ሥራ በእርግጥ አንብቦ፣ የራስን ጥያቄ በሦስት ዓረፍተ ነገር አስቀምጦ፣ አዲስ ተማሪ ይቀበል እንደ ሆነ መጠየቅ ይበቃል። ለሃምሳ ፕሮፌሰሮች የተላከ አንድ ዓይነት ደብዳቤ ከመጀመሪያው መስመር ይታወቃል።

የእንግሊዝኛ ፈተና ውጤት የሚያገለግለው ለሁለት ዓመት በመሆኑ ያለ ጊዜው መፈተን ገንዘብን ማባከን ነው። የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች የሚያስተምሩት በእንግሊዝኛ ስለሆነ ይህንኑ የሚያረጋግጥ ደብዳቤ በማቅረብ ከፈተናው ነጻ የሚያደርጉ ተቋማትም አሉ፤ ከመመዝገብ በፊት መጠየቅ ይገባል።

በስምና በዘመን አቆጣጠር የሚደናቀፉ ሰነዶች

ጥሩ ጥያቄ ያለው አመልካች እንኳ በሰነድ ሊሰናከል ይችላል። ሙሐመድ የሚለው ስም በላቲን ፊደል ቢያንስ በሦስት ዓይነት አጻጻፍ ይገኛል፤ በዲግሪው ላይ አንድ፣ በፓስፖርቱ ላይ ሌላ ሆኖ ሲገኝ ሰነዶቹ የአንድ ሰው መሆናቸው ያጠራጥራል። ወደ ዓረብ አገር ሲጓዙ በደላሎች ግፊት ስማቸው ወይም ዕድሜያቸው በፓስፖርት ላይ የተለወጠባቸው ሰዎች ችግር ደግሞ ከዚህ የከፋ ነው። እንዲህ ያለውን ልዩነት ከማመልከቻው በፊት በሕጋዊ መንገድ ማስተካከል እንጂ፣ ኋላ ቪዛ ሲጠየቅ ይታያል ብሎ መተው አይበጅም።

የዘመን አቆጣጠሩም ራሱን የቻለ ወጥመድ ነው። በ2008 ዓ.ም. ክረምት የተመረቀ ሰው በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የተመረቀው በ2016 ነው። በውጤት ማስረጃው ላይ «2008» ብቻ ተጽፎ ከቀረበ አንባቢው ስምንት ዓመት ጨምሮ ይቆጥርበታል። የዲግሪውን ዕድሜ በሚገድብ ስኮላርሺፕ ደግሞ ይህ ስሕተት ማመልከቻውን ሳይነበብ ሊያስጥለው ይችላል።

በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው የወጪ መጋራት ዕዳውን ካልጨረሰ ዋናውን ዲግሪና ይፋዊውን የውጤት ማስረጃ ለማግኘት ይቸገራል። ከውጭ አገር ሆኖ ይህንን ለማስጨረስ የውክልና ሥልጣን ለቤተሰብ መስጠት፣ ሰነዱን ማረጋገጥና ማስላክ ወራት ይወስዳል። ስለዚህ የሰነዱ ሥራ የሚጀመረው ከሁሉ አስቀድሞ ነው።

የመቀበያ ደብዳቤ ገንዘብ አይደለም

ደብዳቤው ሲደርስ ደስታው ማንበብን እንዳያስረሳ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «ተቀብለንዎታል» የሚለው ቃል ብቻውን ድጋፍ አይደለም። የትምህርት ክፍያው ሙሉ በሙሉ መሸፈኑ፣ የኑሮ አበሉ ስንት እንደ ሆነ፣ ለስንት ዓመት ዋስትና እንዳለው፣ የጤና መድን መኖሩና በምላሹ የሚጠየቀው ሥራ ምን ያህል እንደ ሆነ በጽሑፍ መቀመጥ አለባቸው። የአንድ ተማሪ አበል ቤተሰብን አብሮ ለማኖር ብዙውን ጊዜ አይበቃም፤ ለወላጆች በየወሩ ገንዘብ የሚልክ ሰው ይህንን ከቤተሰቡ ጋር ተመካክሮ መወሰን ይኖርበታል። የቪዛ ማመልከቻው ከሚኖሩበት አገር የሚቀርብ ከሆነም የመኖሪያ ፈቃዱ እስከዚያ ጸንቶ መቆየቱን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

በዚህ መካከል ደላላው ይመጣል። ስኮላርሺፕ «አስገኝልሃለሁ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው የሚሸጠው የሌለውን ነገር ነው። አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች የማመልከቻ ክፍያ ይጠይቃሉ፤ ክፍያው ግን የሚፈጸመው በራሱ በዩኒቨርሲቲው ድረ ገጽ ነው። ለመክፈል ለሚቸገሩ አመልካቾች ነጻ የሚያደርጉም ብዙ ናቸው። በሌላ ሰው የተጻፈ የምርምር ንድፍም ዕድሜው አጭር ነው፤ በቃለ መጠይቅ የመጀመሪያው ጥያቄ «ይህንን ሐሳብ እንዴት አገኙት?» የሚል ሲሆን ባለቤት የሌለው ጽሑፍ ይጋለጣል።

ከመጠምጠም መማር ይቅደም

ትምህርቱ በመከር ለሚጀምር መርሐ ግብር ሥራው ከአሥራ ስምንት ወር በፊት ቢጀመር ይመረጣል። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ለንባብና ጥያቄን ለማጥራት፣ ቀጥሎ ያሉት ለሰነድ፣ ለቋንቋ ፈተናና መምህራንን ለማግኘት፣ ከሴፕቴምበር እስከ ኖቬምበር ያለው ጊዜ ለአማካሪዎች ለመጻፍና ንድፉን ለማረም ሊውል ይችላል። ከዲሴምበር እስከ ፌብሯሪ ማመልከቻዎቹ ይላካሉ። በቀን አሥር ሰዓት ለሚሠራ ሰው ይህ ከባድ ነው፤ ስለዚህም በሳምንት አንድ ቀን፣ ለምሳሌ የዓርብ ከሰዓት በኋላን፣ ለዚህ ብቻ መለየት ከወር አንድ ጊዜ ሌሊቱን ከማንጋት ይሻላል።

ብዙዎች በመጀመሪያው ዓመት አይሳካላቸውም። ተቀባይነት ያላገኘ ማመልከቻ ግን እንዳለ የሚጣል አይደለም፤ የተነበበው መጽሐፍ፣ የጠራው ጥያቄ፣ የታደሰው የመምህር ትውውቅና የተስተካከለው ሰነድ ለቀጣዩ ዓመት ይተርፋሉ። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚለው የአበው ብሂል እዚህም ይሠራል፤ የማዕረጉ ጥምጥም የሚመጣው በኋላ ነው። ከዚያ በፊት በስደት ኑሮ መካከል ማንም ያልጠየቀውን አንድ ነገር አስተውሎ፣ በጥያቄ መልክ አስቀምጦ፣ ሌሎች ስለዚያ የጻፉትን አንብቦ መገኘት አለ፤ ይህ ደግሞ ማንኛውንም ኮሚቴ ሳይጠብቅ ዛሬ ሊጀመር ይችላል።